ደምለውና አማቱ የሰጡት አዛሊያ

...እንግዲህ ልጆች፣ ካልተደማመጥን ተረቱን ልተወው። ቀኑን ሙሉ ብሎኬት ስሸከም ውዬ፣ እናንተ ደግሞ በስልክ ትጣሉብኛላችሁ። ስልኩን መሃል ላይ አስቀምጡትና ዙሪያውን ተቀመጡ። «የላም በረት» እንዳትሉኝ፣ ዛሬ ላም የለም። «የአበባ መሬት» በሉ።

፦ ተረት ተረት።

፦ የአበባ መሬት።

በድሮ ዘመን ደምለው የሚባል ጎበዝ ገበሬ ነበር። አትጠገብ የምትባል ልጅ አገባ። እናትየዋ፣ እሜቴ ውድነሽ፣ አዛሊያ የሚሏትን ተክል ከነአፈሯ በቅርጫት አድርገው ሰጡት። አዛሊያ ክረምት ከበጋ ቅጠሏ የማይረግፍ፣ ስታብብ ግቢ የምታበራ ቁጥቋጦ ናት።

፦ ከዛፍ ጥላ ሥር ትከላት፤ ከዚያ እጅህን ሰብስብ፣ አሉት። ካደረቅሃት ልጄን መልሼ እወስዳታለሁ። ቅጠል ማኖር ያቃተው ሰው ልጄን አያኖርም።

ደምለው በልቡ ሳቀ። እጅ መሰብሰብ ምን ማለት ነው? በዚያ አገር ጓሮውን የማይኮተኩት ሰው ስሙ አንድ ነው፣ ሰነፍ። ዋንዛው ሥር ተከላትና ሲነጋ ኮተኮታት። ሲመሽ ኮተኮታት። ለጎመኑ እንደሚያደርገው የምድጃ አመድ በተነባት። ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። አመድ ጨመረላት። ባሰባት።

፦ አንቺ ምን አጎደልኩብሽ? እያለ ከተክሏ ጋር ይጣላል። በቆሎው እንኳ የዚህን ግማሽ ሳላደርግለት ጥጋብ ይዞታል።

፦ ተዋት ተብለሃል እኮ፣ ትለዋለች አትጠገብ።

፦ ብተዋትና ብትደርቅስ? እናትሽን አንቺ ነሽ የምትመልሻቸው?

አንድ ቀን በእልህ ጠለቅ አድርጎ ሲኮተኩት፣ መኮትኮቻው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነገር ተጠምጥሞ ወጣ። ሥሯ ነው። ለካ ሥሯ ወደ ታች አይሄድም፣ እዚያው ላይ ላዩን ተነጥፎ ነው የሚኖረው። በየቀኑ ሲቆርጠው ኖሯል። ደምለው መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሚስቱን በገዛ እጁ ሊያስወስዳት ነው።

ከዚያም አመዱን ጠርጎ አወጣና፣ የደረቀ የዋንዛ ቅጠል አለበሳትና፣ እጁን ሰበሰበ። መሰብሰቡ ከማረስ ባሰው። አረሙ ሲበቅል ያያል፣ እጁን ያሳክከዋል። ጎረቤቱ አዱኛ ደግሞ በአጥሩ ላይ አንገቱን እያሰገገ፣

፦ ደምለው፣ ጉልበትህን ለጥሎሽ ሰጠኸው እንዴ? ይለዋል።

ደምለው ስድቡን ውጦ ወደ በቆሎው ይሄዳል። ክረምቱ ወጣ፣ ሌላ ክረምት ወጣ። ቅጠሏ አረንጓዴ ሆነና እንቡጥ ያዘች።

ይሄኔ እሜቴ ውድነሽ መጡ። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ ወደ ዋንዛው ሄዱ።

፦ ይሄ ሁሉ አረም ምንድነው? በል መኮትኮቻ አምጣ።

ደምለው አላመጣም። ራሳቸው ከግድግዳው ሥር አነሱና ጎንበስ አሉ። አማቱ ፊት ቀና ብሎ የማያውቀው ደምለው ሮጠና እጀታውን ያዘ።

፦ እሜቴ፣ ይልቀቁ። እጅህን ሰብስብ ያሉኝ እርስዎ፣ ሰነፍ ያሰኙኝ እርስዎ፣ አሁን ደግሞ ሥሯን ሊቆርጡ። ከፈለጉ እኔን ይኮትኩቱኝ፣ እሷን ግን አላስነካም።

አትጠገብ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አዱኛ አጥሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። አሮጊቷ እጀታውን ለቀቁና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

፦ ለቅጠል እንዲህ ከተጣላኝ፣ ላንቺማ ይገድለኛል፣ አሉ። በይ ምሳ አቅርቢ። ብቻዬን ነው የምመለሰው።

በሉ፣ ሲሚንቶ የጫነው መኪና መጣ፣ አለቃው እየጠራኝ ነው። ተረቴን ያዙልኝ፣ ከራታችሁ ድርሻዬን አኑሩልኝ። ስልኩን ልዝጋው።