የተጸለየበት ቱቦላሬ

አንድ በያጅ ነበር። መኪና በማይደርስበት የኮረብታ መንደር፣ ሕመምተኛ በቃሬዛ ሲወርድ እያየ ያደገ ሰው ነው። አንድ ቀን በአሮጌ ሞተር የሚሠራ፣ ድንጋያማውን አቀበት የሚወጣ መኪና ልሥራ ብሎ ተነሣ። ሚስቱ ኤርጎጌ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

መኪናውን ለሚሸከመው አጽም፣ ለሻንሲው፣ የሚሆን ወፍራም ቱቦላሬ ብረት ከተማ ወርዶ መርጦ ተመልሶ ነበር። ሊገዛው ሲል ግን የመንደሩ ምእመናን ጉባኤ ሽማግሌ አቶ ሹጉጤ የልጃቸው ሠርግ ድንኳን የቆመበትን ቀጭን ቱቦላሬ አስጭነው መጡ። ለጌታ ሥራ የሰጠሁት ነው አሉ። በሰው ሁሉ ፊት እጃቸውን ጭነው ጸለዩበት። ሰው ሁሉ አሜን አለ።

በያጁ አንዱን በመዶሻ አንኳኳው። እንደ ባዶ ቆርቆሮ ጮኸ። ሸራ ይሸከማል፤ ሰው ጭኖ ድንጋይ ላይ የሚዘል መኪና አይሸከምም። ይህን ከእርሱ አብልጦ የሚያውቅ በዚያ ግቢ አልነበረም። ታዲያ ምን አለ?

"እግዚአብሔር ይባርክዎ፣ ጋሼ።"

የተጸለየበትን ብረት ቢመልስ እምነት የለውም ሊባል ነዋ! በየደው። ቀለም ቀባው። ቀለሙም አማረ።

ክረምቱ ሲገባ ኤርጎጌን ምጥ ያዛት። ራሱ እየነዳ ወደ ጤና ጣቢያ ይዟት ወረደ። ከወንዙ በላይ ያለው ቁልቁለት ላይ ሻንሲው ከወገቡ ተሰበረ። ብየዳው አልለቀቀም፤ የተሰበረው ብረቱ ነው። ቃሬዛ እስኪደርስ ግማሽ ቀን አለፈ። እናቲቱ ተረፈች። ልጁ ሞቶ ተወለደ።

በሦስተኛው ቀን አቶ ሹጉጤ ሊያጽናኑ መጥተው የጌታ ፈቃድ ነው አሉ። ኤርጎጌ ወደ እርሳቸው አልዞረችም። ባሏን አየችው።

"ያን ቀን ስታንኳኳው ሰምተኸው ነበር?"

"ሰምቼው ነበር።"



የጌታ ፈቃድ! የድንኳን ብረት ሻንሲ አድርጉ ያላችሁ ጌታ ነው? ለዚያ በያጅ ጆሮ የሰጠውስ ማን ነው? ጸሎት ብረት አያወፍርም፣ ወገኖቼ። ጸሎት ሰምቶ ለፈራ በያጅ መደበቂያ አልተሰጠም።

እናንተም አንኳኩታችኋል። ባዶ የሚጮኽ ትምህርት፣ ባዶ የሚጮኽ መሪ በመካከላችሁ አለ፤ ድምፁን ሰምታችኋል። ከዚያስ? ሽማግሌ እንዳይቀየም አሜን አላችሁ። ቀለም ቀባችሁ። ልጆቻችሁን አሳፈራችሁበት።

ለእኔ አትመልሱልኝ። የልጃችሁ ቃሬዛ ቤት ሲገባ የምትጠይቃችሁ እናት አለች። ለእርሷ መልሱላት።