ከባሕሩ ጋር ያጠረው ገመድ

አንድ ባሕር የሚለካ ሰው ነበር። ስሙ እንግዳሸት ይባላል። የሚኖረው ከደጋ የሚወርድ ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት፣ ወደብ ባለበት ከተማ ነው። መስከረም ጠብቶ ባሕሩ ሲረጋጋ፣ ውኃው ሸሽቶ እጅግ በጎደለበት ሰዓት፣ በታንኳ ወደ ወደቡ አፍ ይሄዳል። ጫፉ ላይ ከባድ የእርሳስ ብረት የታሰረበትን ገመድ ወደ ታች ይለቃል። ብረቱ ወለሉን ሲነካ በገመዱ ላይ በየክንዱ የተሰፉትን የቆዳ ምልክቶች ይቆጥራል። ያገኘውን ጥልቀት በብራና መዝገቡ ጽፎ ለንጉሡ ያሳውቃል። መርከብ የሚገባውም የሚመለሰውም እሱ በሰጠው ቁጥር ነው።

እንግዳሸት እጁም አፉም የማይዋሽ ሰው ነበር። ጉቦ አይቀበልም፤ በግምት አይናገርም፤ አንድ ጊዜ ለክቶ አይረካም፣ ሦስት ጊዜ ይለካል። ገመዱንም እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀዋል። ድንጋይ ፍቆት አንድ ቦታ ከነተበ፣ የነተበውን ቆርጦ ይጥልና ጫፍና ጫፉን ጎንጉኖ ይቀጥለዋል። መቼ እንደቀጠለውም በመዝገቡ ይጽፋል። እንዲህ እያደረገ ዐሥራ ስምንት ዓመት ለካ። በዐሥራ ስምንቱም ዓመት ቁጥሩ አንድ ሆነ፤ ዐሥራ ሁለት ክንድ። በዚህም ይኮራ ነበር። "ነገሥታት ይለወጣሉ፣ ዋጋ ይለወጣል፤ የእኔ ቁጥር ግን ንቅንቅ አይልም" ይላል፣ ወዳጆቹ ሲሰበሰቡ።

በዐሥራ አራተኛው ዓመት በዚያ ወደብ አንድ ክስ ተነሥቶ ነበር። ኢድሪስ የሚባል መርከብ መሪ፣ ሆዷ ከውኃ በታች ዐሥራ አንድ ክንድ የሚሰምጥ መርከብ ሲያስገባ፣ መርከቧ ወለሉን ፍቃ ተሰነጠቀች። ኢድሪስ፣ "መንገዴን አልሳትኩም፤ በመካከሉ ነው ያለፍኩት፤ ውኃው ነው ያነሰኝ" ብሎ ቢምል ቢገዘት ሰሚ አጣ። ዳኞቹ እንግዳሸትን አስጠሩት። እሱም በታንኳ ሄዶ ሦስት ጊዜ ለክቶ ተመለሰና፣ "ዐሥራ ሁለት ክንድ ነው። አንድ ሙሉ ክንድ ትርፍ ነበረው" አለ። ክርክሩ በዚያ አለቀ። ኢድሪስ ከመርከብ መሪነቱ ተባረረ፤ ልጅነቱን ወዳሳለፈበት ሥራ ተመልሶ፣ ባሕር እየጠለቀ ዛጎል በማውጣት ይኖር ጀመር። በመንገድ ሲያልፍ፣ "ባሕሩን በውሸት የከሰሰው ሰውዬ" እያሉ ይጠቋቆሙበት ነበር።

በዐሥራ ስምንተኛው ዓመት ዝናብ ጠፍቶ አዝመራው ከነአገዳው ደረቀ። ንጉሡ ከባሕር ማዶ ስንዴ ገዙ። ስንዴውን የጫነችው መርከብ በስድስት ቀን ውስጥ እንደምትደርስ ተሰማ። እሷም ዐሥራ አንድ ክንድ የምትሰምጥ ናት። እንግዳሸት በዚያው ሳምንት ለክቶ ዐሥራ ሁለት ክንድ አግኝቶ ስለነበር፣ "ትግባ" በሚለው ወረቀት ላይ ማኅተሙን ያለ ሐሳብ አሳረፈ።

ከወደቡ ጽሕፈት ቤት ወጥቶ በባሕሩ ዳር ሲሄድ፣ ኢድሪስ ከውኃ ሲወጣ አገኘው። በአራት ዓመት ውስጥ ሁለቱ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ያን ቀን ግን ኢድሪስ ፊቱን በመዳፉ ጠረገና ጠራው።

"እንግዳሸት፤ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰው ሲያረጅ ትንፋሹ ይረዝማል እንዴ?"

"ይህን ማን አለህ?"

"ማንም አላለኝ። በጎልማሳነቴ በወደቡ አፍ ስጠልቅ፣ ወለሉን የምነካው ሃያ ስቆጥር ነበር። ዛሬ ዐሥራ ሰባት ስል እጄ አሸዋ ይጨብጣል፤ ትንፋሼም ይተርፈኛል። ቁልቁል የሚያወርደኝ ድንጋይ ያው የአባቴ ድንጋይ ነው። አቆጣጠሬም ያው ነው። ታዲያ እንዴት ፈጥኜ ደረስኩ?"

እንግዳሸት ፊቱ ጠቆረ። "ቂም ነው የሚያናግርህ" አለው።

"ቂምስ አለኝ፤ አልክድም" አለ ኢድሪስ። "ድንጋዩ ግን ቂም የለውም።"

እንግዳሸት ጥሎት ሄደ። የሰው ትንፋሽ ከኔ ገመድ ጋር ሊወዳደር ነው? እያለ በልቡ እየተሳደበ ቤቱ ደረሰ። ሆኖም ነገሩ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረ። ምሳው ቀረበለት፤ አልበላውም። ኢድሪስ ይዋሽ ይሆናል፤ ድንጋዩ ግን ለምን ይዋሻል?

በከተማው ገበያ፣ በዳኞቹ አዳራሽ ውስጥ፣ የንጉሡ የብረት ክንድ፣ ርዝመቱ ልክ አንድ ክንድ የሆነ ዘንግ፣ ተቀምጦ ነበር። ጨርቅ ነጋዴዎች በየዓመቱ የመለኪያ እንጨታቸውን እያመጡ ከእሱ ጋር ያስተያያሉ። ያጠረ እንጨት የተገኘበት ይቀጣል። እንግዳሸትም በተሾመ ጊዜ ገመዱን በዚያ ብረት ለክቶ ምልክቶቹን ሰፍቷል። ከዚያ ወዲህ ግን ተመልሶ አልሄደም። የሚያስገድደውም አልነበረም። ጨርቅ የጎደለበት ገዢ ይጮኻል፤ ባሕር ግን ጎደለብኝ ብሎ አይጮኽም።

በማግሥቱ ጠዋት ገመዱን ተሸክሞ ወደ አዳራሹ ገባ። ወለሉ ላይ ዘርግቶ ብረቱን ከጫፉ ጀምሮ እያጋደመ ቆጠረ። አንደኛው ምልክት ከክንዱ ሁለት ጣት ጎደለ። ሁለተኛው አራት ጣት። እየቆጠረ ሲሄድ ጉድለቱ እየሰፋ መጣ። ዐሥራ ሁለተኛው ምልክት ላይ ሲደርስ ብረቱ የተናገረው ዐሥር ክንድ ተኩል ብቻ ነበር። እንደገና ለካ። ሦስተኛም ለካ። ያው ነው።

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጦ መዝገቡን ገለጠ። ዐሥራ ስምንት ዓመት፣ ዐሥራ ስምንት ቅጥል። የነተበው ሲቆረጥና ጫፎቹ ሲጎነጎኑ፣ እያንዳንዱ ቅጥል ሁለት ጣት ያህል ገመድ ይበላል። በዚያ አገር ሃያ አራት ጣት አንድ ክንድ ነው። ሠላሳ ስድስት ጣት ማለት ክንድ ተኩል ነው። ዘንድሮ እዚህ፣ አምና እዚያ ስለተቀጠለ፣ ማነሱን ዓይን ሊያየው አልቻለም። ወንዙ ደግሞ በየክረምቱ ከደጋ ያመጣውን ደለል በወደቡ አፍ ይዘረግፋል፤ በዓመት ሁለት ጣት ያህል። ወለሉ ወደ ላይ እየመጣ፣ ገመዱም እያጠረ፣ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ዐሥራ ስምንት ዓመት ኖረዋል። ያ የኮራበት፣ ንቅንቅ የማይለው ቁጥር፣ ባሕሩ ስላልተለወጠ አልነበረም። መለኪያውም የሚለካውም አብረው ስለተለወጡ ነው።

ከዚያ ጣቱን ከአራት ዓመት በፊት በጻፈው ላይ አሳረፈ። በዚያን ጊዜ ገመዱ ዐሥራ አራት ጊዜ ተቀጥሏል። ሃያ ስምንት ጣት ጎድሏል ማለት ነው። የወደቡ ጥልቀት ያን ዕለት ዐሥራ አንድ ክንድ ለመሙላት አራት ጣት ይጎድለው ነበር። የኢድሪስ መርከብ የምትሰምጠው ደግሞ ዐሥራ አንድ ክንድ ነው። እንግዳሸት ዓይኖቹን ጨፈነ።

አዳራሹ ውስጥ ከእሱ ሌላ ሰው አልነበረም። ያኔ ሰይጣን ይሁን የገዛ ልቡ፣ አንድ ነገር ሹክ አለው። ማን ያውቃል? አዲስ ገመድ ሥራ፤ እንደገና ለካ፤ ለንጉሡ "የዘንድሮው ደለል ክንድ ተኩል ሞላው" በላቸው። መርከቧም ትድናለች፣ ስምህም ይድናል። ባሕር እንደሆነ አይከራከርህም።

ምክሩ መልካም መሰለው፤ ብዙ ደቂቃም ከእሱ ጋር ተቀመጠ። ግን እስከ መጨረሻው ሲከተለው መጥፎ ቦታ አደረሰው። ወደቡ በአንድ ዓመት ክንድ ተኩል ሞላ ከተባለ፣ በጥቂት ዓመት ድርቅ ይላል ማለት ነው። ሰዎች ይህን አምነው ወደቡን ጥለው ይሄዳሉ፤ ወይም ሹማምንቱ ሕዝቡን በከንቱ ቁፋሮ ያስጨርሱታል። ኢድሪስም ዕድሜ ልኩን ውሸታም እንደተባለ ይቀበራል። እንግዳሸት ገመዱን ጠቀለለና ተነሣ። የሄደው ወደ ኢድሪስ ቤት ነው።

ኢድሪስ ደጁ ላይ ዛጎል ይለይ ነበር። እንግዳሸት ቆሞ፣ "ገመዴ አጥሮ ነበር። እውነቱን የተናገርከው አንተ ነህ። ይቅር በለኝ" አለው።

ኢድሪስ የያዘውን ዛጎል አስቀመጠ። ከዚያ እጁን አራግፎ ተነሣና፣ "ይቅርታህን ለኋላ አቆየው" አለው። "የስንዴዋ መርከብ መጀመሪያ ትግባ። ሕዝቡ እኔንም አንተንም አይጠብቅም።"

አዲስ ገመድ በብረቱ ክንድ ለክተው ምልክት አደረጉበት። ባሕሩ በጎደለበት ሰዓት ወደ ወደቡ አፍ ቀዝፈው ሄዱ። ኢድሪስ ጠልቆ እርሳሱ በትክክል ወለሉ ላይ ማረፉን በእጁ ዳሰሰ፤ እንግዳሸት ከላይ ቆጠረ። ዐሥር ክንድ ተኩል። ሳያርፉ በቀጥታ ወደ ቤተ መንግሥት ሄዱ።

ንጉሡ ከወደቡ ሹም ጋር ተቀምጠው ነበር። እንግዳሸት እጅ ነሥቶ ነገሩን ሳያለዝብ ተናገረ።

"ጃንሆይ፤ የስንዴዋ መርከብ እንዳለች ከገባች ወደቡ አፍ ላይ ትቀመጣለች። እሷም ትጠፋለች፣ ወደቡም ይዘጋል። ጥልቀቱ ዐሥር ክንድ ተኩል ነው። ዐሥራ ሁለት ብዬ ማኅተም ያሳረፍኩት እኔ ነኝ። የተሳሳትኩት ዘንድሮ ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ ነው።"

የወደቡ ሹም ከመቀመጫው ብድግ አለ። "ጃንሆይ፤ ሕዝቡ በር ላይ ቆሞ እህል ይጠብቃል። መርከቧ ውጭ ቆማ በጀልባ ትራገፍ ቢባል ሦስት ቀን ይፈጃል። ዐሥራ ስምንት ዓመት አንድ ቃል ሲናገር የኖረ ሰው በአንድ ጀምበር ሌላ ቃል ሲያመጣ የቱን እንመን?"

ንጉሡ አሮጌው ገመድና ብረቱ ይምጡ አሉ። መጡ፤ በፊታቸው ተለካ። ዙፋናቸውን ትተው ወርደው፣ በርከክ ብለው ምልክቶቹን አንድ በአንድ አዩ። ሹሙ ግን እጁን አልሰጠም። "ብረቱስ ረዝሞ ቢሆን? ገመዱ ከሳተ ብረቱ የማይስትበት ምክንያት ምንድን ነው?"

"መልስለት" አሉ ንጉሡ።

"ደግ ጥያቄ ነው" አለ እንግዳሸት። "ይህን ጥያቄ እኔም ዐሥራ ስምንት ዓመት ስለ ገመዴ ብጠይቅ ኖሮ ዛሬ እዚህ አልቆምም። ብረቱ መንታ አለው፤ በአንድ ቀን በአንድ አንጥረኛ እጅ ተሠርቶ በተራራው ደብር ዕቃ ቤት የተቀመጠ። ይምጣና ይተያዩ።"

ፈረሰኛ ተልኮ ከሰዓት በኋላ መንታው መጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያጋድሟቸው በመካከላቸው ፀጉር እንኳ የሚገባበት ልዩነት አልተገኘም። ሹሙ ወደ መቀመጫው ተመለሰ።

ንጉሡ ግን አንድ ጥያቄ ቀርቷቸው ነበር። "እንግዳሸት፤ ዛሬ ያልከኝን ነገ መጥተህ፣ ይህም ስህተት ነበር እንዳትለኝ ምን ዋስትና አለኝ?"

"ዋስትና የለዎትም፣ ጃንሆይ" አለ ሳይፈራ። "ስህተት ባገኘሁ ቁጥር እመጣለሁ። ይፍሩ ከተባለ፣ ተሳስቼ ነበር ብሎ መጥቶ የማያውቀውን ሰው ይፍሩ።"

ንጉሡ ትንሽ አሰቡና ፈረዱ። መርከቧ ውጭ ትቁም፣ ሸክሟ ይቃለል፣ ኢድሪስ ይምራት አሉ። ወደ እንግዳሸትም ዞረው፣ "ይህን ሰው ያዋረድከው በአደባባይ ነው፤ በአደባባይ አንሣው" አሉት።

መርከቧ በቀኗ ደረሰች። ሕዝቡ ሦስት ቀን በሙሉ በዳርቻው ቆሞ ከመርከብ ወደ ጀልባ፣ ከጀልባ ወደ ምድር የሚወርደውን ጆንያ ተመለከተ። ያጉረመረመም ነበር። በአራተኛው ቀን መርከቧ አንድ ክንድ ከፍ ብላ፣ ኢድሪስ መሪውን ይዞ፣ ወደ ወደቡ አፍ ገባች። እንግዳሸት ከፊቷ ላይ ቆሞ አዲሱን ገመድ እየጣለ ይጮኽ ነበር፤ "ዐሥር ተኩል! ዐሥር ተኩል!" ከሆዷ በታች የቀረው ውኃ ግማሽ ክንድ ነው። በዚያ ግማሽ ክንድ ላይ መርከቧ በእርጋታ አለፈች። ያጉረመረመው ሰው ሁሉ ውኃው ከሥሯ በጭቃ ደፍርሶ ሲከተላት ባየ ጊዜ አፉን በእጁ ያዘ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንግዳሸት በገበያው መካከል ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ወጣና፣ ኢድሪስን አጠገቡ አቁሞ፣ ገመዱ እንዴት እንዳጠረና ኢድሪስ እንዴት እውነቱን እንደተናገረ ለሕዝቡ አስረዳ። ሰው ይስቅብኛል ብሎ ነበር፤ የሳቀ የለም። ኢድሪስም በሕዝቡ ፊት አቀፈው። "አሁን ተቀብያለሁ" አለው።

መዝገቡን በተመለከተ፣ እንግዳሸት የድሮውን ቁጥር አልፋቀም። ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን፣ ቅጥሎቹን እየቆጠረ፣ ትክክለኛውን ጥልቀት በቀይ ቀለም ጻፈ። ወደቡ በዓመት በሁለት ጣት እየሞላ እንደሆነ የታወቀው ከዚያ መዝገብ ነው። ደለሉን ለመጥረግ ምን ያህል ሰው፣ ምን ያህል ዘመን እንደሚበቃም ታወቀ። ንጉሡም፣ ገመዱ ከብረቱ ጋር ሳይተያይ ባሕር እንዳይለካ ሕግ አወጡ። ብረቱም በየሦስት ዓመቱ ከመንታው ጋር እንዲተያይ አዘዙ።

ወገኖቼ፣ እንግዳሸት አልዋሸም፤ አልሰነፈም፤ ሦስት ጊዜ ይለካ ነበር። ነገር ግን ባጠረ ገመድ ሦስት ጊዜ መለካት አንዱን ስህተት ሦስት ጊዜ መድገም ነው። ቅንነት ብቻውን አይበቃም፤ ቅን ሰውም መለኪያውን ከራሱ ውጭ ካለ ብረት ጋር ማስተያየት አለበት። "እኔ አልተለወጥኩም" ብሎ የሚመካ ሰው፣ የሚመዝንበት ነገር ከእሱ ጋር አብሮ ወርዶ እንደሆነ ይመርምር። ስህተቱን ያገኘም አይደብቀው፤ በባሕሩ ላይም አያላክከው። የታወቀ ስህተት ይታረማል፤ የተሸፈነ ስህተት ግን የሌላ ሰው መርከብ ይሰብራል።

እናንተስ፣ በየቀኑ ሰውን የምትለኩበትን ገመድ ከብረት ጋር ያስተያያችሁት መቼ ነው? በእናንተ ቁጥር የተፈረደበት፣ ዛሬም ደጁ ላይ ተቀምጦ እውነቱን የያዘ ሰው ይኖር ይሆን?