ያያ የተባለው ጉብታ

«ይህን ጉብታ እንካ፣ ቤተ ክርስቲያንህን ሥራበት» አለ አያ ሻረው፣ ቃል ከአፉ ማውጣት ጥርስ እንደ መንቀል የሚከብደው ዝምተኛ ገበሬ። ከባሕር ማዶ ቤተሰቡንና ዘመዶቹን ይዞ የመጣው ጀርመናዊ አናጢ፣ ሙሴ ኩንዝ፣ ደስታው ሞልቶ ባርኔጣውን እያወዛወዘ «ያ! ያ!» አለ። ባርኔጣው ደግሞ እንደ አጋጣሚ የሚወዛወዘው ከጉብታው ሥር ወዳለው የአያ ሻረው የጤፍ ማሳ ነበር።

ዛሬ በጎሽ ሜዳ ከተማ፣ ቀይ ክዳኑ ከሩቅ የሚታየው ቤተ ክርስቲያን የቆመበት ጉብታ «ያያ» መባሉ ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው ይላሉ ሽማግሎች።

አያ ሻረው ክው አለ። ሌላ መሬት የለውም፤ ጤፉም ገና ቡቃያ ነበር።

«ያማ የልጆቼ ጉሮሮ ነው!»

«ያ! ያ!» አለ ሰውየው፣ ይብሱን እየሳቀ።

እንደሚነገረው፣ ነገሩ ለሽማግሌ ደርሶ፣ «ጤፉን ነው ወይ የምትፈልገው?» ተብሎ ቢጠየቅም እንግዳው አሁንም «ያ!» ብሎ፣ አያ ሻረው ዱላውን ጨብጦ ብድግ ሲል፣ ሚስቱ አንጓች ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ሙሴ፣ አህያ ነህ እንዴ?»

«ያ! ያ!»

«ለምሳህ ጭድ ላቅርብልህ?»

«ያ!»

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ።

«አይ እናንተ ወንዶች!» አለች አንጓች። «ይህ ሰው መሬት መች መረጠ? በአገሩ ቋንቋ እሺ ማለቱ ነው እንጂ!»

አያ ሻረው ዱላውን አስቀመጠ፤ ሳቁን ግን በነጠላው ሸፈነው አሉ።

ቤተ ክርስቲያኑም በጉብታው ላይ መነሣት ጀመረ። ጀርመኖቹ ድንጋይ ሲጠርቡ፣ ያገሩ ሰው ጭቃ ሲያቦካ፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ እየሰባበረ ክረምቱ ወጣ፤ ጤፉም ለአጨዳ ደረሰ። የጣሪያው ዋና ግንድ ከወንዝ ማዶ በሰው ትከሻ የመጣ ዕለት፣ አያ ሻረው በከንቱ መጠርጠሩ እያሳፈረው ከማሳው ዳር ቆሞ፣ «በመካከሉ አልፉ፣ ይቀርባችኋል» አላቸው። ተሸካሚዎቹ ቆሙ። ከከተማው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ፣ ቀጥ ብሎ መሄድ ሲችል፣ እስከ ዛሬ ማሳው ዳር ሲደርስ እንደ ማጭድ ጎብጦ የሚዞረው፣ ሙሴ ኩንዝ ያን ጊዜ ባርኔጣውን አውልቆ፣ አማርኛውን አንድ አንድ እየለቀመ ለአያ ሻረው በተናገረው ቃል የተነሣ ነው ይባላል፦

«አያ፣ ጤፍ አይረገጥም። እኛ እንዞራለን።»