ሰም የተሞላ ስብራት

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ በየጋሪያቸው ገበያ በሚወጡበት ዘመን፣ አርባ ቁና ገብስ የሚያወጣ የእመት አህያ ጋሪ ቁልቁለት ላይ ተገጨ። አርባ ቁና ለአንበሳ ምንም አይደለም፤ ለአህያ ግን የክረምት ቀለቧ ነው። ጋሪውን አባቷ ከወይራ አሠርቶ አውርሷታል። ያን ጊዜ መንገዱ አቧራና ድንጋይ ብቻ ነበር። ቢሆንም ጋሪው ቁልቁል ሲወርድ እንደ ንብ ቀፎ እምም ይል ስለነበር፣ ከወንዙ ማዶ ያሉት «እመት አህያ ወረደች፤ ገበያው ሊሞቅ ነው» እያሉ ዕቃቸውን ይሸክፉ ነበር።

የገጫት አያ ጅቦ ነው። ጋሪው ላይ አጥንት ከምሮ፣ አንዱም እንዳይንጠባጠብበት ወደ ኋላ እያየ ሲጋልብ ከጎኗ መጥቶ ተላተማት። የእሱ ጋሪ ፊቱ ተፈረከሰ፤ የእሷ ጎኑ ተጨፍልቆ አንዱ መንኮራኩር ተንጋደደ።

አቧራው ሳይበርድ ገበያተኛው ተሰበሰበ። እንዴት እንደተጋጩ የጠየቀ አልነበረም፤ እንደ አገሩ ልማድ ሁሉም «እንኳን ነፍሳችሁ ተረፈ» አለ። የአገር ሽማግሌው አባ ዝንጀሮም መሀል ገቡ።

«ንብረት ይተካል። በሉ ተሳሳሙና መንገዱን ልቀቁ፤ ገበያተኛው ይለፍ።»

ጋሪ ጠጋኙ ወፍ ግንደ ቆርቁር ከመንገዱ ዳር ዋርካ ላይ ሆኖ ተናገረ። «አባ ዝንጀሮ፣ ከመነሳቱ በፊት ልውረድና ላንኳኳው። ጎኑን የተመታ ጋሪ ሕመሙ ከሥር ነው።»

አያ ጅቦ ተቆጣ። «ምን ያንኳኳል? ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አስጠግንላታለሁ። ጎረቤቴ ቀበሮ እንደ ሙሽራ አሰማምሮ ይመልስላታል።»

እመት አህያ ግንደ ቆርቁርን አየች፤ ቆሞ የሚጠብቀውንም ገበያተኛ አየች። ልቧ «ይንኳኳ» ይላታል። ግን ሽማግሌ መሀል ገብቶ፣ አጥፊው ጥፋቱን አምኖ፣ እሷ ገበያተኛ አቁማ እንጨት ታስንኳኳ? ነገ «ነገረኛ» ቢሏትስ?

«ግድ የለም» አለች። «የአያ ጅቦ ቃል ይበቃኛል።»

ይህች «ግድ የለም» ምን ያህል እንዳስከፈለቻት ኋላ እንቆጥራለን።

ሁለቱን መንኮራኩሮች የሚያያይዘው አግዳሚ እንጨት ዘንግ ይባላል። ግንደ ቆርቁር ጋሪን ከነዘንጉ ለመጠገን ዐሥር ቁና ያስከፍል ነበር። ቀበሮ በሁለት ቁና ተዋዋለ።

«አያ ጅቦ፣ ዘንጉ ተሰንጥቋል» አለ ቀበሮ ከጋሪው ሥር ብቅ ብሎ።

«ይታያል?»

«ጎንበስ ላለ ይታያል።»

«እንዳይታይ አድርገዋ።»

ቀበሮ ስንጥቁን በሰም ሞልቶ ጥላሸት ቀባው፤ ጎኑን በቀይ አፈር አሳመረው። እመት አህያ ጋሪዋን ስትረከብ ጥቂት ሳበችውና ቆመች።

«ድምፁ ተለወጠብኝ።»

«አዲስ ጫማም መጀመሪያ ይጮኻል፣ እመት» አለ ቀበሮ።

ጫማው ግን ሳምንት ቢቆጠርም ጩኸቱን አልተወም። እምምታው ጠፍቶ ሲጥ ሲጥ የሚል መጣ። መንኮራኩሩ ስለሚንገዳገድባት ጭነቷን በግማሽ ቀነሰች፤ የሌላውን ዕቃ እየጫነች የምታገኘው ኪራይም በግማሽ ቀነሰ። ማዶ ያሉትም ድምፁን ሲጠብቁ ገበያ ያመልጣቸው ጀመር።

በበጋው አያ ጅቦ ልጁን ሊድር ሥልሳ ቁና የሚያወጣ ሰንጋ ገዝቶ ከቁልቁለቱ አናት ላይ አሳረደ። የራሱ ጋሪ፣ ማስጠገኛ ስለሰሰተ፣ እንደተፈረከሰ ቆሟል። ሥጋውን እንድትጭንለት ወደ እመት አህያ መጣ።

«አያ ጅቦ፣ ጋሪው ሙሉ ጭነት አይችልልኝም። በሁለት ምልልስ ላድርገው» አለችው።

«ሁለት ምልልስ ሁለት ኪራይ ነው። ያስጠገንኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? ጫኚ። ደግሞ አትፍሪ፤ ሥጋ ትጭኛለሽ እንጂ ሥጋ አትሆኚም።»

በራሱ ቀልድ ስቆ ሰንጋውን በሙሉ አስጫነ፤ እሱም ከላይ ተቀመጠ። ያንኑ ቁልቁለት ሲጀምሩ ዘንጉ ለሁለት ተቆረጠ። ሥጋው እየተንከባለለ ወንዝ ገባ፤ ጅቡም ተከተለው። ሥጋውን ወንዙ ወሰደው፤ ጅቡ እየተንጠባጠበ ወጣ።

«ሆን ብላ ነው የጣለችኝ። ሰንጋዬን ትክፈለኝ፤ ከሌላት ራሷን እበላለሁ» አለ። ቀልዱ ቀርቶ ነበር።

ገበያተኛው ተሰበሰበ። አባ ዝንጀሮም መጡ። «እንኳን ነፍሳችሁ ተረፈ። በሉ መጀመሪያ ጋሪውን አንሱና መንገዱን ልቀቁ።»

እመት አህያ አራት እግሯን ተከለች። «ይቅርታዎን አባቴ፤ ዛሬ አይነሳም። እንጨቱ እንደወደቀ ይታይ። እርስዎም ጎንበስ ይበሉ፣ አያ ጅቦም ጎንበስ ይበል፣ ግንደ ቆርቁርም ያንኳኳ። ከዚያ እንነጋገራለን።»

«አቤት ነገረኛ» አለ ከኋላ አንዱ።

«ልባል» አለች።

ግንደ ቆርቁር ወርዶ የተቆረጠውን ጫፍ አገላብጦ አየ። «የዛሬ ስብራት እንደ ተላጠ ሸንኮራ ነጭ ነው። ይህ ግን ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር ነው። ጥቁሩ የድሮው ነው» አለና ከስንጥቁ ውስጥ በመንቁሩ ሰም መዝዞ አወጣ።

አባ ዝንጀሮ ተቀብለው አሸተቱት። «አያ ጅቦ፣ ወይራ ሰም ያፈራል እንዴ?»

«ቀበሮ ነው» አለ ጅቡ ቸኩሎ። «እኔ እንዳይታይ አድርገው አልኩት እንጂ ሰም ሙላበት አላልኩትም።»

ገበያተኛው በሳቅ ፈረሰ። አባ ዝንጀሮ ግን አልሳቁም። «ያን ጊዜ መንገዱ ይለቀቅ ብዬ ያጣደፍኩ እኔ ነኝ» አሉ። ቀጥለውም ፈረዱ፦ ሰንጋው በባለቤቱ ጥፋት ጠፍቷል፤ ጋሪውም በጅቡ ወጪ፣ በግንደ ቆርቁር እጅ፣ ከነዘንጉ ይሠራ።

አሁን እንቁጠር። ጅቡ ስምንት ቁና ሊያተርፍ፣ ለቀበሮ ሁለት፣ ለግንደ ቆርቁር ዐሥር፣ ለወንዙ ሥልሳ ቁና ከፈለ። ቀበሮ ሁለት ቁና በላ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ጋሪውን ያስነካው የለም። እመት አህያ በግማሽ ጭነት ዐሥራ ሁለት ቁና ኪራይ ቀረባት፤ ጋሪዋንና ነፍሷን አተረፈች። አዲሱ ዘንግ ጠንካራ ነው፤ ሙሉ ጭነት ይችላል። እምም ግን አይልም፤ የአባቷ ወይራ አይደለማ። የማዶ ሽማግሎች ዛሬም በገበያ ቀን ጆሯቸውን ወደ ቁልቁለቱ ያቆማሉ፤ ጥቂት ይጠብቁና ዕቃቸውን ይሸክፋሉ።

ከዚህ የምንማረው፣ ንብረታችን ሲገጭ በይሉኝታ ሳናስመረምር ካነሳነውና ጉዳቱ እንዳይታይ ብቻ ከተጠገነ፣ የተደበቀው ስብራት ሌላ ቁልቁለት ላይ ዋጋውን አብዝቶ እንደሚያስከፍለን ነው።