ሸራው ላይ ያረፈችው ከዘራ

እኛ ገበያ ውስጥ ሰው አጥፍቶ ጥፋቱን ከልቡ ሲክስ፣ ሁሉም አፍ ላይ የምትመጣ አንዲት አባባል አለች። ዛሬ ዛሬ የታክሲ ረዳቱም ይላታል፣ ሽማግሌውም ይላታል። አንዳንዱማ ጉሮሮውን ጠርጎ «አባቶች ሲተርቱ...» ብሎ ሲጀምር ሳቄ ይመጣል። የምን አባቶች! አባባሏ ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም። የተወለደችው እዚሁ ደሴ፣ እሁድ ገበያ፣ እኔ ከምቀመጥበት ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ነው። ቃሏን አሁን አልነግራችሁም፣ በቦታዋ ትመጣለች። ታሪኳን ግን ስሙኝ፤ ጥፋቱ ውስጥ እኔም አለሁበት።

ሩቂያ እባላለሁ። ያገለገለ የቤት ዕቃ ነው የምሸጠው፤ ድስት፣ ሳፋ፣ ፔርሙስ፣ ጆሮው የተሰበረ ስኒ ሳይቀር። ከጎኔ ሸራውን የሚዘረጋው ቶፊቅ ነው። ቶፊቅ ልቡ ደግ ነው፣ ግን አቤት ችኮላው! ሻይ እስኪበርድለት አይጠብቅም፣ ሁልጊዜ ምላሱን እንዳቃጠለ ነው። ሰው ቤት ሲለቅ ወይም ባለቤቱ ሲሞት ዕቃውን በጅምላ ጠቅልሎ ይገዛል፤ ምን ምን እንዳለው አንድ በአንድ አያይም። እሁድ ጠዋት ሁሉንም ሸራው ላይ ይበትንና ወንበር ላይ ወጥቶ ከላይ ፎቶ ያነሳዋል። ፎቶውን ወዲያው ቴሌግራም ቻናሉ ላይ ይለቃል፣ ከሥሩም «ሸራው ላይ ያለ ሁሉ ይሸጣል! ቀድሞ ‹ያዝልኝ› ያለ ወሰደ!» ብሎ ይጽፋል። ቃሉንም አያጥፍም። አንዱ «ያዝልኝ» ካለው በኋላ ሌላው ከፊቱ ቆሞ እጥፍ ቢሰጠው አይሸጥለትም።

ያን እሁድ ሌሊቱን ዘንቦ መሬቱ ጭቃ ነበር። ቶፊቅ የአንድ ሟች አዛውንት ቤት ዕቃ ጭኖ መጣና እንደ ልማዱ ሸራው ላይ በተነው። ሰዓት፣ መነጽር፣ ሬዲዮ፣ ባርኔጣ፣ ጫማ፣ ምን የሌለ አለ። ይህን ጊዜ ጋሽ ይመር መጡ።

ጋሽ ይመርን ገበያው ሁሉ ያውቃቸዋል። ዳገቱ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ እግራቸው ተሰብሮ ሲድን የግራው ትንሽ አጥሮ ቀጠነ። በየቀኑ በከዘራቸው እየተደገፉ ይወርዳሉ፣ መስጊድ ይሰግዳሉ፣ ከእኩዮቻቸው ጋር ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ከዚያ ገበያውን ዞረው ሁላችንንም ሳይተርቡ አይመለሱም። መርቀው ሲሄዱማ ቀኑ ይቀናናል።

ያን ዕለት የሟቹ ቡናማ ጫማ ዓይናቸው ገባ። እኔ የምቀመጥበት ሣጥን ላይ ተቀመጡና ጫማውን ለመሞከር ሁለት እጅ ያስፈልጋልና፣ ከዘራቸውን ሸራው ጠርዝ ላይ ጋደም አደረጓት።

«ሩቂያ፣» አሉኝ፣ «ይኼ ጫማ ነው የግራው የሚሰፋ ወይስ እግሬ ነው የቀጠነ?»

«እግርዎ ነው ጋሼ። ጫማው ምን አጠፋ?»

«እንግዲያው ግማሽ ዋጋ ይበቃዋል፤ አንዱን ብቻ ነው የምሞላው።»

እኛ ስንሳሳቅ ቶፊቅ ወንበሩ ላይ ወጣና ፎቶውን አነሳ። ለቀቀው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ።

«አየሽ እቴቴ!» አለኝ እየፈነደቀ። «‹ከዘራዋን ያዝልኝ፣ ባጃጅ እየላክሁ ነው› ትላለች አንዷ። የሟቹ ከዘራ! እኔ መኖሯንም አላውቅ ነበር።»

ባጃጁ ሲደርስ ቶፊቅ ከአንዲት ገዢ ጋር በጠረጴዛ ዋጋ ይከራከራል። «እቴቴ፣ እባክሽ ከዘራዋን አቀብይልኝ!» ብሎ ጮኸ።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር፤ በእጄ አንስቼ ለባለባጃጁ ያቀበልኋት እኔ ነኝ። ያችን ከዘራ ሁለት ዓመት ሙሉ በጋሽ ይመር እጅ አይቻታለሁ። አላህ ያሳያችሁ፣ ሸራ ላይ ስትጋደም ጊዜ የሚሸጥ ዕቃ መሰለችኝ! የገበያ ሰው ዓይን እንዲህ ነው፤ ሸራ ላይ ያረፈ ነገር ባለቤት ያለው አይመስለውም። ጋሽ ይመርም ጎንበስ ብለው ከጫማው ክር ጋር ይታገሉ ነበርና አላዩንም።

ጫማውን አስረው ሲጨርሱ እጃቸውን ወደ ሸራው ሰደዱ። ዳበሱ። አጡ።

«ከዘራዬን አቀብሉኝማ።»

ቶፊቅ እኔን አየኝ። እኔ ቶፊቅን አየሁት።

«የቷን ከዘራ ጋሼ?»

«የቷን ትለኛለህ እንዴ? ስንት ከዘራ አለኝ?»

የቶፊቅ ፊት አመድ መሰለ። ባጃጁ በሄደበት በረረ። ሲመለስ ላቡ በጀርባው ይወርዳል። ባጃጁን አግኝቶታል፤ ባለባጃጁ ግን ከዘራዋን መናኸሪያ ለምትጠብቀው ሴት ሰጥቷት፣ እሷም በአውቶቡስ ወደ አባቷ አገር ተሳፍራለች። ቴሌግራም ላይ ስሟ «የአባቷ ልጅ» ነው የሚለው፣ ስልክ ቁጥር የለው፣ ምን የለው። ቶፊቅ ደጋግሞ ጻፈላት። መልእክቱ ሄደ፣ ግን አልተነበበም። የገባችበት አገር ኔትወርክ አልነበረውም።

ቶፊቅ ከየሸራው ሦስት ከዘራ ለቃቅሞ መጣ። «ጋሼ፣ ይችን ይያዙ። ይችኛዋማ ከፊተኛዋ ሳትሻል አትቀርም...»

ጋሽ ይመር አልነኳቸውም። ቁጣም አልነበራቸውም፤ እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው። ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፦

«እግሬ ተሰብሮ ስድስት ወር ስተኛ መነሳት እምቢ ብዬ ነበር። ሚስቴ ዘሀራ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ጠብቃ ከተረከዜ እስከ መዳፌ በክር ለካችኝና ክሩን ይዛ አናጢ ዘንድ ሄደች። በነጋታው የወይራ ከዘራ እጄ ውስጥ አስጨበጠችኝ፤ ‹ተነስ፣ እኔ ባልኖርም እሷ አለችህ› አለችኝ። ዓመት ሳይቆይ እሷ ሄደች። እኔ የምራመደው በእሷ ልክ ነው ልጄ። በሌላ አልራመድም። ቤቴ አድርሱኝ፣ እዚያው እቀመጣለሁ።»

«ይቆጡኝ ጋሼ! ይስደቡኝ!» አለ ቶፊቅ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ምን ብዬ ልቆጣህ? ሸራህ ላይ ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ።»

ሁላችንም ገባን። ሽማግሌ ሰው ብቻውን ዳገት ላይ «እዚያው እቀመጣለሁ» ካለ፣ ከዚያ ቤት በእግሩ አይወጣም። ለቅሷቸው የመጣ መሰለኝ።

ቶፊቅ ሸራውን፣ ዕቃውን፣ ያንን ሁሉ ገዢ ጥሎ ጎናቸው ቆመ። «እንግዲያው ክንዴን ይያዙ» አለ። እሱ ሮጦ በአሥር ደቂቃ የሚወጣውን ዳገት ያን ቀን በአንድ ሰዓት ወጡት። የእሁድን ገበያ የሚያህል ነገር እኔ ላይ ጥሎ ሄደ፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አልተቆጣሁትም።

የሚቀጥለውን ጋሽ ይመር ራሳቸው ናቸው ያጫወቱኝ። በነጋታው በጠዋት በራቸው ተንኳኳ።

«ማነው?»

«ቶፊቅ ነኝ። መስጊድ ይወርዳሉ ብዬ ነው።»

«ከዘራ የለኝም።»

«እኔ ክንድ አለኝ።»

«ሂድ ልጄ፣ ሥራህን ሥራ።»

አልሄደም። የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። ያ ሻይ እስኪበርድ የማይጠብቅ ሰው! ጋሽ ይመር በመስኮት አዩት፤ ተመልሰው ጋደም አሉ፤ እንደገና አዩት። በመጨረሻ «ወላሂ ይኼ ልጅ ደፌ ላይ ሥር ሊሰድ ነው» ብለው ሳቃቸው አመለጣቸው፣ የሳቀ ሰው ደግሞ ተመልሶ መተኛት ያቅተዋል፣ በሩን ከፈቱለት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አምስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ያወርዳቸዋል፣ ከሰዓት የአስር ሶላት ሲያበቃ ያወጣቸዋል። መጀመሪያ አካባቢ ይጎትታቸው ነበር። «ቶፊቅ፣ ሰው ነኝ እንጂ አልጋ አይደለሁም፣ አትጭነኝ!» ሲሉ እስከ ገበያው ይሰማ ነበር። ቀስ በቀስ እርምጃው እርምጃቸውን ለመደ። ምሳ አብረው ይበሉ ጀመር። ቶፊቅ አባቱን በፎቶ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ነው፤ እሳቸውም ዘሀራ ካረፈች ወዲህ ገበታቸው ላይ ሰው አልቀረበም። እኔ ምን ልበላችሁ፣ ሁለቱን ተያይዘው ሲወርዱ ባየሁ ቁጥር ያች ጥፋተኛ እጄ ቀለል ይላት ነበር። የቶፊቅ አሠራርም ተለወጠ። አሁን ዕቃ ሲገዛ አንድ በአንድ ያነሳና «ይኼ የማን ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ፎቶ ከማንሳቱ በፊትም «ወገን፣ ዕቃችሁን ከሸራዬ አንሱ!» ብሎ ይጮሃል። እስከ ዛሬ ይጮሃል።

በስድስተኛው እሁድ አንዲት ጠይም ሴት በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዛ ሸራው ፊት ቆመች።

«ከዘራ የሸጥህልኝ አንተ ነህ?»

ቶፊቅ ራሱን ነቀነቀ።

«ለአባቴ ነበር የገዛኋት። ተቀበለኝና ጫፏን ገልብጦ አየ። ‹ልጄ፣ እርጥብ ጭቃ አለባት። ይች ዛሬ ጠዋት ሰው ሲደገፍባት የነበረች ናት። ባለቤቷ አንድ ቦታ ቆሞ ቀርቷል፣ መልሺለት› አለኝ። አንድ ቀን እንኳ ሳይደገፍባት ግድግዳ ላይ ሰቀላት። ወዲያው እንዳልመጣ እሱ ራሱ ታሞብኝ ነው፤ አሁን ተሽሎታል።»

ቶፊቅ ብሯን ሊመልስላት ቸኮለ። «አባቴ ምርቃት ይዘሽ ነይ ነው እንጂ ብር አምጪ አላለኝም» ብላ እጁን መለሰችው።

ይህን ጊዜ ጋሽ ይመር የእኔ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ነበር። ጨርቁ ሲፈታ ከዘራዋን ተቀበሉ፣ እጀታዋን ሳሙ፣ ግንባራቸውን አስደገፉባት። «ዘሀራዬ፣ መጣሽ?» ሲሉ ሰማሁ። እኔ እዬዬዬን አቀለጥሁት፤ ፔርሙስ ልትገዛ የመጣች ሴት ሳይቀር ምኑም ሳይገባት አብራኝ አለቀሰች። ከዚያ ሴትዮዋን መረቁ፤ አባቷንም መረቁ፣ ጉልበቱ እንዲጸና፣ ቤቱ እንዲሞላ፣ የልጅ ልጁን እንዲያይ። ወሎ ምርቃት ሲጀምር መቼ ያልቅና!

የመመለሻ ሰዓታቸው ሲደርስ ጋሽ ይመር ተነሱ። ቶፊቅ እንደ ልማዱ ብድግ ብሎ ሊጠጋቸው አለና ቆም አለ። ከዘራዋ በቀኝ እጃቸው ናት። ክንዱን አወረደው፣ ሸራውን የሚያስተካክል መስሎ ፊቱን አዞረ። አሳዘነኝ፤ ወር ሙሉ ለምኖ ያገኘውን አባት ከዘራዋ ነጠቀችው ብዬ አሰብሁ።

ጋሽ ይመር ሁለት እርምጃ ሄዱ። ቆሙ። ሳይዞሩ ግራ እጃቸውን ወደ ጎን ዘረጉ።

«ቶፊቅ፣ ምን ትጠብቃለህ? ምሳው ይቀዘቅዛል አይደል እንዴ የምትለው ሁልጊዜ? እራቱም ይቀዘቅዛል።»

እሱ ሸራውን እንደተዘረጋ ጥሎ ሄደና ክንዱን ሰጣቸው። ሴትዮዋ ሁለቱን እያየች ፈገግ አለችና «አባባ፣ ልጅዎ ነው?» ብላ ጠየቀች።

ጋሽ ይመር ከዘራቸውን አዩ፣ ቶፊቅን አዩ፣ ገበያው ሁሉ እስኪሰማ ሳቁ፤ «አልወለድሁትም ልጄ፣ ግን አልሐምዱሊላህ፣ ከዘራ የሸጠ ክንድ ሰጠ!» አሏት።