እማማ አጸደና የዳቦ ቤቱ ሰልፍ

ሥራ የበዛባችሁ እጃችሁን ሳታቆሙ ስሙኝ፤ ሥራ የፈታችሁ ደግሞ ጠጋ በሉ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ እማማ አጸደ የሚባሉ እናት ነበሩ። የሚፈልጉት ነገር ትንሽ ነበር። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል የልጃቸውን ክንድ ይዘው ከክፍላቸው እስከ ግቢው በር ድረስ መራመድ። ሌላ ምንም አላማራቸውም።

ክረምት ላይ እዚያው ግቢ ውስጥ አዳልጧቸው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። አጥንቱ ገጥሟል። ሐኪሙም ከእንግዲህ መድኃኒትዎ መራመድ ነው ብሎ አሰናብቷቸዋል። ግን አጥንቱ ዳነ እንጂ ፍርሃቱ አልዳነም። ጎረቤት መጥታ እኔ ልያዝዎት ስትላቸው እጃቸውን ይሰበስባሉ። የሚያምኑት የልጃቸውን የይታይሽን ክንድ ብቻ ነበር። ስለዚህ በየጠዋቱ ሸራ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቋታል።

ይታይሽ ሩቅ አልነበረችም። እዚያው ግቢ ውስጥ፣ በአስፋልቱ በኩል፣ የራሷ ዳቦ ቤት አላት። ባሏ ከሞተ በኋላ ብቻዋን ያቋቋመችው ዳቦ ቤት ነው። እኔ ሳልደርስበት የሚሆን ነገር የለም እያለች ከፉርኖው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ጓሮው ስትሮጥ ትውላለች። በመካከል አንገቷን ወደ እናቷ ክፍል ብቅ ታደርግና አሁን መጣሁ እማዬ ትላለች። ፀሐይዋ ግቢውን አቋርጣ ስትሄድ እማማ አጸደ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ይፈታሉ። አይቆጡም። ሥራ ይዟት ነው ይላሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ መጥታ የእማማ አጸደን ጉልበት ስታጥፍና ስትዘረጋ ቆየችና ይታይሽን ወደ ውጭ ጠራቻት።

«እግራቸው እየደረቀ ነው» አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አሁን ካልተራመዱ፣ ኋላ ልራመድ ቢሉም አይሆንላቸውም።»

ይታይሽ ይህን ሰምታ ወደ እናቷ ተመልሳ ዛሬ የግድ እንወጣለን፣ ይቺ ሰልፍ ትበተንና ወዲያው እመጣለሁ አለቻቸው። እማማ አጸደ አንገታቸውን ነቀነቁ። ይህን ቃል ያውቁታል።

እንግዲህ እማማ አጸደ ያለ ልጃቸው ክንድ አልራመድ አሉ፤ ይታይሽም ሰልፉ ሳይበተን አልሄድ አለች።

ዳቦ ቤቱ መስኮት ጋ ስትደርስ ሰልፉ ከጥጉ ታጥፎ ሄዷል። የማለዳው ዳቦ አልቋል፤ መደርደሪያው ባዶ ነው። ሻጯ ፋናዬ ክርኗን መስኮቱ ላይ ተደግፋ ከሰልፈኛው ጋር ትነጋገራለች። ይታይሽ ወጣ ብላ እባካችሁ ዛሬ ቸግሮኛል፣ ቆየት ብላችሁ ብትመለሱስ ብላ ለመነች። ማን ይሰማታል? አንዷ ለልጆቿ ምሳ ልትቋጥር ነው፤ አንዱ ለሠራተኞቹ ቁርስ ይዞ ሊሄድ ነው፤ አንዲት ሴትዮን ደግሞ ለቅሶ ቤት ሰው እየጠበቃት ነው። ባዶ እጃችንን የት እንሄዳለን አሉ።

እማማ አጸደ ያለ ልጃቸው ክንድ አልራመድ አሉ፤ ይታይሽ ሰልፉ ሳይበተን አልሄድ አለች፤ ሰልፉም ዳቦ ሳይዝ አልበተን አለ።

ይታይሽ ዳቦው የት ደረሰ ብላ ወደ ፉርኖው ሮጠች። ጋጋሪው ጋሽ ደምሰው፣ ከዳቦ ቤቱ መከፈት ጀምሮ አብረዋት ያሉ ሰው፣ በተደፋ ሣጥን ላይ ቁጭ ብለዋል። እሳቱ ይንቦገቦጋል። ዳቦ የሚያስገቡበት ረጅሙ የእንጨት አካፋቸው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

ጋሽ ደምሰው፣ ሰው ተሰልፎ እርስዎ ቁጭ ይላሉ አለቻቸው። እሳቸው ቀና ብለው አዩዋትና ፉርኖው ከጋለ ቆየ፣ ሊጥ ሳይመጣ ምኑን ልጋግርልሽ፣ እንጨቱ ራሱ በከንቱ ነው የሚነደው አሉ።

እማማ አጸደ ያለ ልጃቸው ክንድ አልራመድ አሉ፤ ይታይሽ ሰልፉ ሳይበተን አልሄድ አለች፤ ሰልፉ ዳቦ ሳይዝ አልበተን አለ፤ ዳቦው ፉርኖ ሳይገባ አልበስል አለ፤ ፉርኖውም ሊጥ ሳይጎርስ አልጋግር አለ።

ወደ ማቡኪያው ክፍል ገባች። ቡሃቃው ታጥቦ ተገልብጧል፤ ጠረጴዛው ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ሊጥ የሚባል ነገር የለም፤ ዱቄት የነካ እጅም የለም። አቡኪው ገዛኸኝም የለም። ይታይሽ ደሟ ፈላ። እናቴ እግሯ እየደረቀ እኔ የሰው ስንፍና ልቁጠር አለች ለራሷ።

እማማ አጸደ ያለ ልጃቸው ክንድ አልራመድ አሉ፤ ይታይሽ ሰልፉ ሳይበተን አልሄድ አለች፤ ሰልፉ ዳቦ ሳይዝ አልበተን አለ፤ ዳቦው ፉርኖ ሳይገባ አልበስል አለ፤ ፉርኖው ሊጥ ሳይጎርስ አልጋግር አለ፤ ሊጡም ዱቄት ሳያገኝ አልቦካ አለ።

ገዛኸኝን ያገኘችው ጓሮ ነው። የዱቄቱ መጋዘን ደረጃ ላይ፣ ሽርጡን አስሮ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ተቀምጧል። የሁለት ልጆች አባት የሆነ፣ ትልቅ ሰው ነው፤ ግን ሲያያት እንደ ተማሪ ብድግ አለ።

«እዚህ ምን ታደርጋለህ?» አለችው።

«እርስዎን እየጠበቅሁ ነው፣ እትዬ።»

«እኔን ከመጠበቅ ዱቄቱን አታወጣም?»

«ተቆልፏል።»

«ቁልፉስ?»

ገዛኸኝ መሬት መሬቱን አየ።

«አንገትዎ ላይ ነው» አላት በመጨረሻ።

ይታይሽ እጇን ወደ ደረቷ ሰደደች። ቁልፉ በክር ተንጠልጥሎ፣ ከሹራቧ ሥር፣ ሞቆ ተቀምጧል።

እማማ አጸደ ያለ ልጃቸው ክንድ አልራመድ አሉ፤ ይታይሽ ሰልፉ ሳይበተን አልሄድ አለች፤ ሰልፉ ዳቦ ሳይዝ አልበተን አለ፤ ዳቦው ፉርኖ ሳይገባ አልበስል አለ፤ ፉርኖው ሊጥ ሳይጎርስ አልጋግር አለ፤ ሊጡ ዱቄት ሳያገኝ አልቦካ አለ፤ ዱቄቱ መጋዘኑ ሳይከፈት አልወጣ አለ፤ መጋዘኑ ቁልፍ ሳያይ አልከፈት አለ፤ ቁልፉ ደግሞ ከይታይሽ አንገት አልወርድ አለ። ይታይሽስ? ይታይሽማ ሰው ሁሉ አዘገየኝ ብላ ግቢውን እየዞረች ነበር።

ቁልፉ አንገቷ ላይ የወጣው እንዲያው አይደለም። በፊት የነበረ አንድ አቡኪ ለሰው ተዝካር በታዘዘ ዳቦ ላይ ጨው ደግሞ ጨምሮ፣ ዳቦው ከነቅርጫቱ ተመልሶ መጥቶባታል። ሰው በተሰበሰበበት የሰማችው ቃል እስከ ዛሬ ያሳፍራታል። ከዚያ ወዲህ ዱቄትና እርሾ የምታወጣው እሷ፣ ጨው የምትለካው እሷ ናት። ገዛኸኝ ከተቀጠረ ጊዜ ጀምሮ አጠገቧ ቆሞ ስትለካ ያያል፤ አንድም ቀን ለካ ብላው አታውቅም። እሱም ልለካ ብሎ አያውቅም፤ ጠባይዋን ያውቃላ። መጠበቅ ለምዷል። ጋሽ ደምሰውም፣ ፋናዬም እንዲሁ ለምደዋል። ያስለመደቻቸው እሷ ናት።

ደረጃው ሥር ቆማ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ታያት። እንግዲህ ምን ታድርግ? ከፍታ፣ አስለክታ፣ አስቦክታ፣ ዳቦው ሲወጣ አይታ ልሂድ ብትል ፀሐይዋ ታልፋለች። እማማ አጸደ ጎንበስ ብለው ክራቸውን ይፈታሉ። ነገም እንዲሁ ነው።

ክሩን በአንገቷ ልታወጣ ስትል ሻሿን ያዘባት። ሻሹን ፈትታ አወጣችው።

«ያዝ» አለችው።

ገዛኸኝ እጁን አልዘረጋም።

«ያዝ እንጂ። ዱቄቱንም፣ እርሾውንም፣ ጨውንም አንተ ለካ። እኔ እናቴ ጋ ነኝ።»

«ቢበላሽብኝስ፣ እትዬ?»

ይታይሽ አፏ ላይ የመጣውን መልስ ዋጠችው። ትንሽ አሰበችና «ቢበላሽ ደግመን እናቦካለን» አለችው። ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀምጣ፣ እጁን በእጇ ዘግታለት፣ ሳትዞር ሄደች።

እማማ አጸደ ልጃቸው በራቸው ላይ ስትቆም ባዩ ጊዜ ሰልፉ ተበተነ ወይ ብለው ጠየቁ። አልተበተነም አለቻቸው። ታዲያ እንዴት መጣሽ አሉ። እነ ገዛኸኝ አሉበት፣ ተነሺ እማዬ አለችና ክንዷን ሰጠቻቸው። እማማ አጸደ መጀመሪያ ክንዱን አዩ፣ ቀጥሎ ፊቷን አዩ። ከዚያ አልጋውን ለቀቁ።

አካሄዳቸው ዝግ ያለ ነበር። አንድ እርምጃ ይሄዱና ይቆማሉ፤ ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። ከጓሮ የመጋዘኑ በር ሲጢጥ ሲል ተሰማ። ጆንያ መሬት ላይ ዱብ አለ። እናትና ልጅ ግቢው መካከል ካለው ድንጋይ ሲደርሱ ተቀመጡ፤ ፀሐይዋ በእማማ አጸደ ጉልበት ላይ አረፈች። ሊጥ እስኪነሣ ጊዜ ይፈጃል፤ እነሱም አልቸኮሉም። እማማ አጸደ ስለ ጎረቤቷ ጊደር አወሩ፣ ስለ ብርዱ አወሩ፣ ልጃቸውንም ከስተሻል አሏት።

ያኔ የገዛኸኝና የጋሽ ደምሰው ድምፅ ከፍ ብሎ መጣ። ሊጡ ተነሥቷል አልተነሣም ነው ክርክሩ። ይታይሽ እግሯ ሳታዘው ተነሣ፤ ግማሽ ቆማ ቀረች። እማማ አጸደ ክንዷን ለቀቅ አደረጉላት።

«ሂጂ ከፈለግሽ» አሏት። «እኔ እዚሁ እጠብቅሻለሁ።»

ይህ መጠበቅ የሚባል ነገር ልቧን ወጋት። ይታይሽ ተመልሳ ተቀመጠች።

«አልሄድም» አለች። «ይስማማሉ።»

ጥቂት ተጨቃጨቁ፤ ዝም አሉ፤ ቀጥሎ የጋሽ ደምሰው አካፋ የፉርኖውን ወለል ሲፍቅ ተሰማ። ይታይሽ በረጅሙ ተነፈሰች።

እንግዲህ ቁልፉ ከአንገት ወረደ፤ መጋዘኑ ቁልፉን አይቶ ተከፈተ፤ ዱቄቱ ከመጋዘኑ ወጣ፤ ሊጡ ዱቄቱን አግኝቶ ቦካ፤ ፉርኖው ሊጡን ጎረሰ፤ ዳቦው በሰለ፤ ፋናዬ ስታሳስቀው ያቆየችው ሰልፍ ዳቦውን ይዞ ተበተነ። ይታይሽ ግን ሰልፉን ሳትጠብቅ ቀድማ ሄዳለች፤ እማማ አጸደም የልጃቸውን ክንድ ይዘው ግቢው በር ደርሰዋል።

ፋናዬ ትኩስ ዳቦ በወረቀት ይዛ መጣች። ይታይሽ ቆርሳ ቀመሰች። ጨው ትንሽ አንሶታል። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ እናቷን ስታያቸው እማማ አጸደ ዐይናቸውን ጨፍነው ያላምጣሉ። ለገዛኸኝ ነገ ትንሽ ጨመር አድርግ እለዋለሁ ብላ ሌላ ቆረሰች። ሰልፈኛው ዳቦውን ይዞ ሄዷል፤ ማንም ምንም አላለም። ትከሻዋ ቀለላት፤ ሳቋም መጣ። እናቷ ምን ያስቅሻል አሏት። ዳቦው ነው አለች፣ ያለ እኔ መብሰሉ።

ቁልፉን ገዛኸኝ በማግሥቱ ይዞ መጣ፤ እሷ አልተቀበለችውም። ጨውን አስተካክሏል፤ አንድ ቀን ደግሞ እርሾ አብዝቶ ሊጡ ከቡሃቃው ፈሶበት፣ ራሱ ጠርጎ ራሱ ደግሞ አቡክቷል። ሰልፉን ለፋናዬ፣ እሳቱን ለጋሽ ደምሰው ተወችላቸው። እሷ እናቷን ይዛ ትወጣለች፤ መልሳ ታስገባቸዋለች፤ ከዚያ ሥራዋን ትጀምራለች።

እማማ አጸደም ከቀን ወደ ቀን እግራቸው ፈታ አለ። አንድ ጠዋት ግቢው በር ደርሰው እንደ ልማዳቸው አልዞሩም።

«ክፈቺው» አሉ።

ይታይሽ በሩን ከፈተች። አስፋልቱ ፀሐይ ሞልቶታል። ዳቦ የታቀፉ ጎረቤቶች እማማ አጸደን ሲያዩ ቆሙ፤ እሰይ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት እያሉ ከበቧቸው። እማማ አጸደ ሁሉንም በተራ ስመው ወደ ላይ፣ ወደ ገበያው መንገድ አዩ።

«በዚያ በኩል እንሂድ» አሉ፤ እናትና ልጅም ሄዱ።

ተረቱ እዚህ ላይ ያብቃ። የእኔ አፍ ደክሟል፤ ከትኩሱ ቁረሱልኝና የሚቀጥለውን ሌላ ሰው ያውራ።