የጋሪ ነጂው ልጅ ክንድ

አንድ ጋሪ ነጂ ነበር። ሚስቱ ሞታበት አንዲት ልጁን ብቻውን የሚያሳድግ፣ ድሮ ጠጪ የነበረ፣ ጌታን ካገኘ ወዲህ ግን መጠጥ ቤት ደጃፍ ላይ ፈረሱን እንኳ የማያቆም ሰው። የእሱን ስም አልነግራችሁም። የልጅቷን ግን እነግራችኋለሁ፤ ሶስና ትባላለች።

ወገኖቼ፣ ቶሎ ቶሎ ብናገር ታገሱኝ። እኔ ይህን መድረክ የማገኘው የተጋበዘው ሰባኪ መኪናው ሲበላሽበት ብቻ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ተበላሽቶበታል!

ሶስና አንድ ቀን ከጎረቤት ልጆች ጋር ኳስ ስትወረውር ክንዷ ቀጭ አለ። ኳስ ስላችሁ የጨርቅ ኳስ ነው! ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ አጥንቱ ተሰበረ። አባቷ አዝሎ ወደ ወጌሻ ወሰዳት። ወጌሻው በቅቤ አሸ፣ በቀርከሃ አሰረ፣ አጥንቱም ያዘ። እሰይ ተባለ።

ከዚያ ዝናብ የጣለበት አንድ እሑድ መጣ። ከአምልኮ ሲወጡ ከበሩ ፊት ያለው ቦይ ሞልቶ ነበር። አባቷ እጇን ይዞ ሳብ አድርጎ አሻገራት። ሳብ! እናንተስ ልጃችሁን ቦይ ስታሻግሩ ምን ታደርጋላችሁ? ሶስና ጮኸች። ያው ክንድ፣ ያው ቦታ፣ ሕዝብ ሁሉ እያየ ዳግመኛ ተሰበረ።

ወጌሻው ዳሰሰና ራሱን ነቀነቀ። «ይኼ በመሳብ አይመጣም፤ የምት ስብራት ነው» አለ። በእኛ ዘንድ ወጌሻ ከተናገረ ማን ይከራከራል? እጁ አጥንት ያያል እንላለን። አለቀ፣ ተፈረደ።

ወሬው ተነሳ። «ጅራፍ የለመደ እጅ!» «ጠርሙሱን ተወ እንጂ አመሉን መች ተወ?» ልጅቷ «አባዬ አልመታኝም» ስትል ሰው ምን አለ? «አያችሁ፣ እንዴት ቢያስፈራራት ነው!» ዝም ብትል ፈርታ ነው፤ ብትናገርም ፈርታ ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ ይህች ልጅ ምን ብትል ነበር የሚያምኗት?

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ተቀመጡ። «ወንድማችን፣ ንስሐ ግባ» አሉት።

«ምን አድርጌ?»

«የሠራኸውን አንተው ታውቀዋለህ።»

«ያሻገርኳትን ነው?»

«ይኸው ኩራትህ!»

ከኅብረት አገዱት፤ በር አጠገብ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጡት። የሶስና አጎት፣ የእናቷ ወንድም፣ ሱቅ ያለው ሰውዬ፣ ካፖርቱን ደርቦ መጣና «የእህቴን ልጅ ሳትገድላት» ብሎ ወሰዳት። አባትየው ልብሷን በፌስታል አድርጎ በገዛ እጁ ሰጠው። ምን ይበል? ክንዷ የተሰበረው እሱ እንደያዘው ነው። እሱ ራሱ እጁን መጠራጠር ጀምሮ ነበር። በውሸት የተከሰሰ ሰው እዚህ ድረስ ይደርሳል፤ የደረሰበት ያውቀዋል።

አሁን ስሙኝ! አጎትየው ነገሩን በማስረጃ ሊያጸናው ፈለገ። ሶስናን ሆስፒታል አደረሳት፤ ራጅ ተነሳች። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አየችው።

«ዶክተር፣ በዱላ ነው ወይስ በጅራፍ እጀታ?» አለ አጎትየው። «ለሕግ ስለምፈልገው ነው።»

«በሁለቱም አይደለም። ይህ ጠቆር ያለው ቦታ ይታይዎታል? እዚህ ጋ አጥንቱ ውስጡ ባዶ ነው፤ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለበት። ዙሪያው እንደ እንቁላል ቅርፊት ሳስቷል። ኳስ መወርወር ይሰብረዋል፤ እጅ መሳብም ይሰብረዋል።»

«ካንሰር ነው?»

«አይደለም። አይሰራጭም፣ አይገድላትም። ልጆች ላይ የሚወጣ ነገር ነው፤ ለምን እንደሚወጣ ሕክምናም በእርግጥ አያውቅም። ብቻ ማንም አላመጣባትም።»

ማንም አላመጣባትም! እስቲ ከእኔ ጋር በሉት። ማንም አላመጣባትም!

አጎትየውን ላብ አጠመቀው። «ታዲያ ወጌሻው?»

«ወጌሻው የዳሰሰው ከውጭ ነዋ! የውስጡን በምን ይየው? አሁን ክንዷን በማንገቻ ይዘን ስብራቱን እናድናለን። አንዳንዴ ስብራቱ ሲድን ከረጢቱም አብሮ ይጠፋል። ካልጠፋ እናክመዋለን። ግን የሚፈርም አባት ያስፈልጋል። አባቷ የታሉ?»

አባቷ የታሉ?

አጎትየው ከነካፖርቱ ጋሪ ማቆሚያው ድረስ ሄደ። ጋሪ ነጂዎቹ ሲያዩት «ክቡር ዳኛው መጡ! መንገድ ልቀቁ!» ብለው ተሳለቁበት። አባትየው ግን ፊቱ አመድ መሰለ። «ሞተች?» አለ።

«አልሞተችም። አጥንቷ ውስጡ ውሃ ነው አሉ። አንተ አይደለህም። ና ፈርም ብለውሃል።»

«አንተ አይደለህም» የሚለውን የሰማ አይመስለኝም። «አልሞተችም» የሚለውን ሰምቶ ሮጠ። ፈረሱን እንኳ ሳያስር! ፈረሱ ጋሪውን ይዞ ወጥቶ መሐል መንገድ ላይ ተገተረ። ከኋላ ባጃጁ ሁሉ ይጮኻል። ጋሪ ነጂዎቹ «እንግዲህ ጋሼ፣ ይውጡና ይንዱት!» አሉ። ያ ኩሩ ነጋዴ በካፖርቱ ጋሪው ላይ ወጥቶ «ቼ! ቼ!» እያለ ደንበኞቹ መሐል ገበያውን ሰንጥቆ አለፈ። ሳቁ! ሳቁ፣ ይገባዋል።

ስብራቱ ዳነ። ከረጢቱ ግን አልጠፋም። ውሃውን በመርፌ ቀድተው መድኃኒት አስገቡበት። ለስንቱ ልጅ ይኼ ይበቃል፤ ለሶስና አልበቃም። ቀነሰና ተመልሶ ሞላ። በመጨረሻ ሐኪሟ «ይከፈት» አለች። «የከረጢቱ ግድግዳ ተፍቆ ይወጣል። ባዶውን ከተውነው ግን ደግሞ ይቋጥራል፤ በአጥንት እንሞላዋለን።»

«አጥንት ከየት ይመጣል?» አለ አባትየው፤ መልሷንም ሳይጠብቅ እጅጌውን ሰበሰበ። «ከእኔ ቁረጡ!»

ሐኪሟ ሳቀች። «እጅጌዎን ያውርዱ አባቴ። ከራሷ ዳሌ ትንሽ እንወስዳለን። የራሷ ይበልጥ ይስማማታል።»

«እና ከዚያ ወዲያ በዳሌዬ ነው የምጽፈው?» አለች ሶስና። አባቷ ለስንት ጊዜ የጠፋበት ሳቅ ያን ቀን መጣለት።

ተሳካ! እንዳይመለስ ብለው በየጊዜው በራጅ ይከታተሏታል እንጂ ዛሬ በዚያ ክንድ ጀሪካን ታነሳለች። ወደ አባቷ ቤትም ገብታለች።

እዚህ ላይ አሜን ብላችሁ ልትነሱ ነው። ቁጭ በሉ!

ሽማግሌዎቹ ምን አሉ? «ክብር ለጌታ ይሁን፣ ልጅቷ ተፈወሰች» ብለው ጸለዩ። ለልጅቷ! ለሰውየውስ? እገዳው መነሳቱ ከሌላው ማስታወቂያ ጋር ተነበበለት፤ ከመዘምራን የልምምድ ሰዓት ቀጥሎ። «በድለንሃል» ያለው ሰው የለም። የልጁን ልብስ በፌስታል ላስረከበ አባት፣ አንድም ሰው!

ስብራቱን ያየነው እሱ ቤት ነው። ባዶው ግን የት ነበር ወገኖቼ? ባዶው እዚህ ነው! ፍቅራችን አንድ ወሬ ሲነካው ቀጭ ያለው ለምንድን ነው? ከውጭ ስትዳስሱን ጤነኛ ነን። መዝሙራችን ወፍራም፣ አሜናችን ወፍራም። ውስጡ ሐሜት ቋጥሯል።

እኛስ እንዴት ነው የምንታከመው? ከላይ እናሻለን፣ ከላይ እናስራለን። ወይ ትንሽ በመርፌ እንቀዳለን፤ «ካስቀየምኩህ ይቅርታ» እንላለን። ካስቀየምኩህ! ይህ ባሳምንቱ ይሞላል። መከፈት ያስፈልጋል። ግድግዳው መፋቅ አለበት፤ ያማል፣ ይመም! ከዚያ ደግሞ መሞላት አለበት። በምን? አንድ አካል ነን ትሉ የለም? እንግዲያስ ከዚሁ አካል ይቆረጥ! ክብሩ ተነክቶ ከማያውቀው፣ ከፊት ወንበር ላይ ከተደላደለው ይቆረጥ!

አንዳንዶቻችሁ ሰውየውን አውቃችሁታል። አንገታችሁን አታዙሩ፤ የምሰብከው ለእሱ አይደለም። አዎ፣ አሁንም በር አጠገብ ተቀምጧል። እገዳው ከተነሳ ወዲህ «ወደ ፊት ና» ያለው የለምና።

ዛሬ የመዝጊያ መዝሙር የለም። የመዝጊያ ጸሎትም አላደርግም። የዚህ ቤት በር አንድ ነው፤ እሱን ሳያልፍ የሚወጣ የለም። ካስቀየምንህ አትበሉት። በድለንሃል በሉት።

ሽማግሌዎች፣ እናንተ ቅደሙ።